የኮርቻው ልክ

ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለስንዱ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ክረምቱን አሻግሮ ለዚህ ቀን ያደረሰን አምላክ ይመስገን። እኔ ደኅና ነኝ። ገብሱ ቢጫ ለብሷል፤ ባቄላው ፍሬ ይዟል፤ ዓይኔም ያለ መነጽር ያነብባል።

በስልክ ማውራት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። በስልክ የተባለ ነገር በማግስቱ ማን እንዳለው አይታወቅም። ስለዚህ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ጎረቤቴ መምህርት ሀና ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ መልስሽንም አትማ ታመጣልኛለች። ፊርማዬ የሌለበት ደብዳቤ ከደረሰሽ የእኔ አይደለም።

የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ እንደምትወርጂ ሀና ነገረችኝ። ከሄድሽ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላሽ ነው። የወሰንኩትን ልንገርሽ፤ ልቀበልሽ እመጣለሁ። የምመጣው በብስክሌት ነው። የመጀመሪያውን ቀን ደብረ ታቦር አድራለሁ፤ በሁለተኛው ባሕር ዳር እገባለሁ። ስድሳ ሰባት ዓመቴ መሆኑን አንቺም እንዳታስታውሺኝ፤ የሚያስታውሰኝ ሰው ሞልቷል።

ችግሩ አንድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የወረዳውን ደብዳቤ ያመላለስኩበት የቻይና ብስክሌቴ ለአጭር መንገድ እንጂ ለዚህ አይሆንም። አንድ ሰዓት ስነዳው መቀመጫዬ ይደነዝዛል፤ ጉልበቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይጮኻል። መሐሙድ ልብስ ሰፊው ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር ወርዶ ሁለት ኮርስ የሚባሉ፣ ጎማቸው የቀጠነ ብስክሌቶች አይቷል። አንዱ ቀይ ነው፤ መሪው ከኮርቻው በጣም ዝቅ ብሎ ሊዋጋ ያቀረቀረ ወይፈን ይመስላል። ሌላው ግራጫ ነው፤ መሪው ከኮርቻው እኩል ነው። እኔ ልቤ በቀዩ ላይ ነው።

አንቺ እዚያ ፈረንጅ አገር ሰውን ብስክሌት ላይ አስቀምጠሽ ልኩን የምታስተካክይ ባለሙያ ሆነሻል አሉ። እንግዲህ ሙያሽን አሳዪኝ። ገንዘብ እንዳትልኪ፤ ብትልኪ ይመለሳል።

ያን ጊዜ የሆነውን አንነጋገርበትም።

አጎትሽ ቀለመ ወርቅ


ኡትሬክት፣ ጥቅምት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ለአያ ቀለመ ወርቅ፤

ጤናዎ እንደ ጉና ተራራ የጸና ይሁን። ቤትዎን፣ ማሳዎን፣ ጎረቤትዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ።

ደብዳቤዎን የምሠራበት የብስክሌት ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ስስቅ የሰሙ የሥራ ጓደኞቼ ምን ሆነሽ አሉኝ። «አጎቴ በስድሳ ሰባት ዓመቱ መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር በብስክሌት ነድቶ ሊቀበለኝ ነው» ስላቸው ሥራ ፈትተው ከበቡኝ። ይኸው ዓመትዎን አስታወስኩ፤ ይቅርታ።

አያ፣ ሚኒባስ አለ። አንዴ ብቻ ነው የምለው፤ ደግሜ አልልም፤ ምክንያቱም እንደማይመለሱ አውቃለሁ።

ቀዩን ይተዉት። ለሁለት ሰዓት ለሚሽቀዳደም ወጣት ነው የተሠራው። ያን ያህል ያቀረቀረ ሰው ክብደቱ ሁሉ መዳፉ ላይ ይወድቃል፤ ጣቱ ይደነዝዛል፤ መንገዱን ለማየት አንገቱን ቀና ባደረገ ቁጥር ማጅራቱ ይቆረጣል። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ግራጫው ነው። ፈጣኑ ብስክሌት ስድስት ሰዓት ተቀምጠውበት መውረድ የማያምርዎት ነው።

ከዚያ በፊት የእግርዎን ልክ ይላኩልኝ። በባዶ እግርዎ ግድግዳ ተደግፈው ይቁሙ። ወፍራም መጽሐፍ በጭንዎ መሃል አጥንትዎን እስኪነካ ወደ ላይ ይያዙ። ከዚያ ከመጽሐፉ የላይኛው ጫፍ እስከ መሬት ይለካ። የኮርቻው ከፍታ የሚወጣው ከዚያ ቁጥር ነው።

ያን ጊዜ የሆነውን አላነሳም። የሄድኩ ዕለት አውቶቡሱ መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ ሳለ ግን እስኪነሳ ድረስ በመስኮት ስመለከት እንደነበር ይወቁልኝ።

ልጅዎ ስንዱ


ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለስንዱ፤

ሰላምታዬና ምርቃቴ ይድረስሽ፤ የወጣሽበት በር የምትገቢበትም ይሁን።

በመጀመሪያ ልቆጣሽ ነው። እኔ ቤት ያለው ወፍራም መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። አርባ ዓመቴ ላይ ማታ ማታ ፊደል ቆጥሬ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣ መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው። እሱን በጭኔ መሃል ላስገባው? አንቺን ያሳደግኩት እንዲህ ነበር? ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳትጽፊ። ከተሰበረው ማረሻዬ አንዱን ድግር፣ የጎኑን እንጨት፣ ወስጄ በሱ ለካሁ። ጠፍጣፋ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም።

መሐሙድ ሜትሩን አንጠልጥሎ «ቁም፣ እኔ ልለካህ» ብሎ እግሬ ሥር ሲንበረከክ አባረርኩት። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሱሪህን ስሰፋ አላፈርክም» ይላል። ሱሪ ሌላ፣ ይህ ሌላ። ራሴ ድግሩን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ለካሁ። ልኩ አንድ ክንድ፣ አንድ ስንዝርና ስድስት ጣት ነው። ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ።

ግራጫውን ገዝቻለሁ። አንቺ ስላልሽ አይደለም። ቀዩን ሳስበው ከቀለሙ በቀር ምንም አላገኘሁበትም። ከአውቶቡሱ ጣራ ሲወርድ መናኸሪያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መጣ። በአንድ ጣት ነው የሚነሳው! እኔ አነሳሁት፤ መሐሙድ አነሳው፤ የባጃጅ ነጂዎቹ ተሰልፈው አነሱት። ገና አልነዳሁትም። ልኩን ሳላውቅ አልወጣበትም።

ቀለመ ወርቅ


ኡትሬክት፣ ኅዳር 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአያ ቀለመ ወርቅ፤

ሰላምዎ ይብዛ፤ ስለ ዳዊቱ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ክንዱን ሃምሳ፣ ስንዝሩን ሃያ አምስት፣ ጣቱን ሁለት ሁለት አድርጌ ሳሰላው እግርዎ ሰማንያ ሰባት ሳንቲ ሜትር ወጣ። ስለዚህ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ሰባ ሰባት ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሜትሩን ከመሐሙድ ይዋሱ፤ እዚህ ላይ የሚያሳፍር ነገር የለም።

ኮርቻውን ግንበኞቹ በሚጠቀሙበት ውሃ ልክ አስተካክለው ያኑሩ። አፍንጫው ወደ ላይ ካለ ደም ይዘጋል፤ ወደ ታች ካለ ተንሸራተው እጅዎ ላይ ይወድቃሉ። ከዚያ ተቀምጠው ፔዳሎቹን ግራና ቀኝ እኩል ያቁሟቸው፤ የግንበኞቹ ቱንቢ ከፊተኛው ጉልበትዎ ላይ ሲለቀቅ የፔዳሉ መሃል ላይ መውረድ አለበት። መሪውን ሲይዙ ክርንዎ በመጠኑ ይጠፍ። አንድ ነገር ደግሞ፤ ፔዳሉ የበቅሎ እርካብ አይደለም፤ በእግርዎ አውራ ጣት አይያዙት። የእግርዎ ሰፊው ቦታ ይረፍበት።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ስፖንጅ ያለበት የብስክሌት ቁምጣ እልክልዎታለሁ። ጠባብ ነው። እባክዎ አይቆጡ።

ስንዱ


ንፋስ መውጫ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለስንዱ፤

እንዴት ነሽ? እግዚአብሔር የእጅሽን ሥራ ይባርክ፤ ባርኮታልም።

ነዳሁት! ግንበኛው ዮሐንስ ውሃ ልኩንና ቱንቢውን ይዞ መጣ፤ እንደ ቤት መሠረት ነው ያቆምነው። ቱንቢው የፔዳሉ መሃል ላይ ሲያርፍ ዮሐንስ «ይህ ሰው ሊነዳ ነው ወይስ ግድግዳ ሊሆን ነው?» አለ። በማግስቱ ማለዳ ወደ ጨጨሆ ወጣሁ። ስንዱ፣ ድምፅ የለውም! የድሮው ሲሄድ ሦስት ቀበሌ ይሰማ ነበር። ይኸኛው ንፋሱን ብቻ ነው የሚያሰማሽ። ቁልቁለቱ ላይ ቆቡ ከራሴ በረረ፤ አልተመለስኩለትም። እህል የሚወቁ ሰዎች መንሻቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። አንዷ ሴትዮ «እሰይ!» ስትል ሰማኋት።

መቀመጫዬ አልደነዘዘም። ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ነው የነዳሁት፤ ብርታቴ ከዚህ ይታወቅ። ጉልበቴ ከኋላ በኩል ትንሽ ይጎተታል፤ ዳሌዬም ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ምንም አይደለም፤ አዲስ ነገር ነው፤ ይለመዳል።

ቁምጣው ደርሶኛል። አየሁት። አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ሣጥኑን ቆለፍኩት።

ቀለመ ወርቅ


ኡትሬክት፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

አያ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደስታዎ እዚህ ድረስ ደርሶ ቀኑን ሙሉ ሲያስቀኝ ዋለ። ግን ጉልበት ከኋላ ከተጎተተና ዳሌ ከተወዛወዘ ኮርቻው ከፍ ብሏል ማለት ነው። አይለመድም፤ ይብሳል። ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ያድርጉት።

ደግሞም ለምን ወደ ጨጨሆ ይለማመዳሉ? መንገድዎ እኮ በክምር ድንጋይ በኩል ነው። ያንን ዳገት ነው እግርዎ ማወቅ ያለበት።

ውሃ ሳይጠጡ መንዳቱን ሌላ ቀን እንጣላበታለን።

ስንዱ


ኡትሬክት፣ ጥር 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

እንኳን ለልደት በዓል አደረሰዎ። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ መልስ የለም። ሀናን ብጠይቃት «ደኅና ናቸው፤ ግን እንዳልነግርሽ አስምለውኛል» አለችኝ። ይህ እንዴት ያስተኛል?

ዛሬ ሱቁ ውስጥ አንዲት ሴትዮ እየለካሁ ሳለሁ የእናቴ ነገር ትዝ አለኝ። ነፍሷን ይማርና፣ ወገዳ ከተማ ሸማኔው ጋ ጋቢ ልታሠራ ስትሄድ «ቀለመ ወርቅ በልኬቱ አይግባ፤ የሱ ክንድ አጭር ነው፤ ጋቢው እግር አያለብስም» ትል አልነበረም? እኔ ክንድዎን ሃምሳ ብዬ ነው ያሰላሁት። አያ፣ እባክዎ፣ ክንድዎ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?

ስንዱ


ንፋስ መውጫ፣ ጥር 13 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለስንዱ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የእናትሽን ነፍስ ይማር፤ በሕይወት ሳለችም ስለ ክንዴ ዝም ብላ አታውቅም።

ዝም ያልኩት ስለወደቅኩ ነው። ዝቅ ያድርጉት ያልሽው ሲደርሰኝ አላደረግኩትም። ሰባ ሰባት ብለሽ ከጻፍሽ በኋላ ሁለት ጣት ቀንስ ማለት ምን ማለት ነው? ልክ ልክ ነው ብዬ ጸናሁ። ገበያ ቀን የጫነች አህያ ፊቴ ገባች፤ ልቆም እግሬን ብዘረጋ መሬቱ የለም። በጎኔ ተኛሁ። ገበያው ሁሉ አየኝ። መሐሙድ እያነሳኝ «አንተ ቀለመ ወርቅ፣ ብስክሌት ነው የገዛኸው ወይስ መሰላል?» አለኝ። ክርኔ ተልጦ ነበር፤ ጉልበቴም አሥር ቀን አላስተኛኝም። አሁን ድኗል። ብስክሌቱ አልተጫረም።

ደብዳቤሽን ባነበብኩ ዕለት መሐሙድ ሱቅ ሄጄ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። «ለካ» አልኩት። ለካ። አርባ ሰባት። ስንዝሬ ሃያ ሦስት። ሳቁ ከውጭ ሰው ሰበሰበ። «ስንት ዘመን ሙሉ ጨርቁ ከለካህልኝ ይበልጣል፣ ሒሳብ አታውቅም እያልክ የሰደብከኝ በዚህ ክንድ ነው?» ይላል።

ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ጥፋቱ የክንዴ አይደለም። የሜትሩም አይደለም። በክንዴ ለክቼ በመሐሙድ ሜትር መስቀሌ ነው። አንቺም መልሱን በክንድ ብትልኪው ኖሮ በዚያው በክንዴ ለክቼ አቆመው ነበር፤ ልክም ይመጣ ነበር። ስለዚህ የጥፋቱ ግማሽ ያንቺ ነው። የእኔን ግማሽ ተቀብያለሁ።

እግሬ ሰማንያ ሁለት ነው። ባንቺ ሥሌት ኮርቻው ሰባ ሁለት ከግማሽ ይሆናል። አስተካክዬዋለሁ። ትናንት አራት ሰዓት ሙሉ ነዳሁ። ስንዱ፣ አራት ሰዓት! ዳሌዬ ጸጥ አለ። ጉልበቴ ያለ አይመስልም። ስወርድ በእግሩ ከመጣ ሰው በምንም አልለይም ነበር። መቀመጫው እንደሌለ ነው፤ መንገዱ ብቻ ነው ያለው።

የነዳሁት ወደ ጨጨሆ ነው። በክምር ድንጋይ የማልሄድበት የራሴ ምክንያት አለኝ።

ቀለመ ወርቅ


ኡትሬክት፣ ጥር 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአያ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ግማሽ ጥፋቴን ተቀብያለሁ፤ ፈርሜያለሁ።

ደብዳቤዎን ለጓደኞቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። «በክንድ ተለክቶ በሜትር አይሰቀልም» የሚለውን አለቃዬ በእነሱ ቋንቋ ጽፎ መለኪያው አጠገብ ለጥፎታል። ሰው ሲመጣ ማን እንዳለው ይጠይቃሉ፤ አጎቴ ነው እላለሁ።

አሁን ልምምዱን ይቀጥሉ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፤ በየሃያ ደቂቃው ውሃ ይጎንጩ፤ የእጅዎን አያያዝ ይለዋውጡ። ሲቆሙ መጀመሪያ ከኮርቻው ወደ ፊት ይውረዱ፤ ከዚያ እግርዎን ያኑሩ። በትክክለኛው ከፍታም ቢሆን ተቀምጠው መሬት አይነኩም።

አያ፣ ልጠይቅዎ እና ካልፈለጉ አይመልሱልኝ። ያን ጊዜ «ትምህርትሽን ሳትጨርሺ ከሄድሽ አልሸኝሽም» አሉ። ቃልዎን ጠበቁ። ታዲያ አሁን ይህን ሁሉ መንገድ ለምን ይመጣሉ? በመኪና ቢመጡም፣ ጭራሽ ባይመጡም፣ እኔ ተናድጄ አልኖርኩም። ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

ስንዱ


ንፋስ መውጫ፣ የካቲት 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለስንዱ፤

ጉዞሽን መልአኩ ይምራልሽ።

ሐሙስ ማለዳ እነሳለሁ። የፔዳሉ ካቴና ዘይት ጠጥቷል፤ ፍሬኑ ተፈትሿል፤ ለጎማው ውስጥ ሁለት መለወጫ ከመነዳሪ፣ ማጣበቂያና መንፊያ ይዣለሁ። ሀና የገብስ በሶ ጭብጦ አሰናድታለች። ዓርብ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ ውሃ ግን እጠጣለሁ። የንስሐ አባቴን ጠይቄ ነው፤ «ውሃውን ጠጣ፤ ግትርነትህን ጹም» አሉኝ።

ሣጥኑን ከፈትኩት። ቁምጣው ከሱሪዬ ሥር ይሆናል። ከላይ ምንም አይታይም። በሕይወት ያለ ሰው ይህን ከአንቺ ሌላ እንዳያውቅ።

ለጥያቄሽ መልስ አልጽፍም።

ቀለመ ወርቅ


ባሕር ዳር፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር፣ የካቲት 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለስንዱ፤

በደኅና ግቢ። ይህን ደብዳቤ ሀና አትልከውም። ራሴ በእጄ እሰጥሻለሁ።

ደርሻለሁ። ትናንት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው የገባሁት። ከአለም በር ወደ ወረታ ስወርድ እንደ ልጅ ጮህኩ፤ ደግነቱ ከላሞች በቀር የሰማኝ የለም። ሐሙሲት ላይ ጎማው ፈነዳ፤ በሩብ ሰዓት ጠገንኩት። እጄ አልደነዘዘም። መቀመጫዬ አላመመኝም። ዛሬ ማለዳ ከአልጋ ስነሳ እንደ ወትሮዬ ነኝ። ሙያሽ ሙያ ነው። ይህን አንዴ ጽፌዋለሁ፤ አልደግመውም።

አሁን ጥያቄሽ።

ሐሙስ ዕለት ዳገቱን ጨርሼ ክምር ድንጋይ ስደርስ ከብስክሌቱ ወረድኩ። ደክሞኝ አልነበረም። ከመንገዱ በስተግራ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እሱ ላይ ተቀምጫለሁ።

አልሸኝሽም አልኩ፤ አልሸኘሁሽም። ቤቴ ተቀመጥኩ። የአውቶቡሱ ጥሩንባ ሲሰማኝ ግን መቀመጥ አቃተኝ። መናኸሪያ ስደርስ ወጥቷል። ያንን የቻይና ብስክሌት ይዤ ተከተልኩሽ። ጋሳይ ላይ ለተሳፋሪ እንደሚቆም አውቅ ነበር፤ እደርስበታለሁ ብዬ። እግሬ መሬት እንዲነካ ኮርቻውን ዝቅ አድርጌ ነበር የምነዳው፤ ጉልበቴ ደረቴን እየመታ፣ እንደ እንቁራሪት ታጥፌ ነዳሁ። የአውቶቡሱ ጀርባ ሁለት ጊዜ ታይቶኛል። ክምር ድንጋይ ላይ ጉልበቴ አልዘረጋ አለ። ወደቅኩ ማለት ይቻላል። እዚያ ድንጋይ ላይ ጥላው እስኪዞር ተቀምጬ ብስክሌቱን እየገፋሁ ተመለስኩ። የት ነበርክ ሲሉኝ ማሳ ሳይ አልኩ። እስከ ዛሬ የነገርኩት ሰው የለም። ከዚያ በኋላም በዚያ መንገድ ብስክሌት አልነዳሁም።

መናኸሪያው ላይ በመስኮት ስትመለከቺ እንደነበር ጽፈሽልኛል። ከመናኸሪያው በኋላ ለምን አልተመለከትሽም ብዬ አልወቅስሽም። አጥፍቼ ነበር። አፌ ነው ያጠፋው።

ሐሙስ ያንን ድንጋይ ትቼው ሄድኩ፤ ጋሳይን ሳልቆም አለፍኩት።

የአውሮፕላንሽ ድምፅ ይሰማኛል፤ ስለዚህ ላሳጥር። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ አጥፈሽ ኪስሽ ክተቺው። ስለሱ አንነጋገርም። ስለ ኮርቻው መነጋገር ይቻላል፤ ግማሽ ጣት ወደ ፊት ቢገፋ ይሻላል እላለሁ፤ ዓይተሽ ትፈርጃለሽ።

መሐሙድ መኪና ይዞ መጥቷል። ሻንጣሽን ጭነሽ ከሱ ጋር ተሳፈሪ። ቀስ ብሎ እንዲነዳ ነግሬዋለሁ። እኔ ከኋላ እከተላለሁ።

በመስኮት ወደ ኋላ ተመልከቺ።

አጎትሽ ቀለመ ወርቅ